ቀለሙ አልያዘም

«ቡናማ ከሆነች ልጅቷን ዛሬውኑ ማታ እወስዳታለሁ» አሉ አማትየዋ፣ የሻዩን ማንቆርቆሪያ ከምድጃው እያወረዱ። ቡናማ ያሉት ምራታቸውን ነው። ድምፃቸው ውስጥ ክፋት የለም፤ ዝናብ ከመጣ ልብሱን ከገመድ ላይ አወርዳለሁ የሚሉ ነው የሚመስለው። የምራታቸው ታናሽ እህት ፊቷን ታጥባ ስትመለስ፣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ እንደጣለች፣ ከኩሽናው በር ጀርባ ቆማ ሰማቻቸው። ልስማ ብላ አይደለም፤ ጠባብ ቤት ምስጢር አይችልም። «ሕፃን ቶሎ ይለምዳል» ቀጠሉ አማትየዋ። «አሁን እናቷ በእግሯ ቆማ እየሄደች ከለመደችኝ የኋላው ይቀላታል። አልጋ ላይ ከወደቀች በኋላ ብንለያት ግን ዕድሜ ልኳን ያቺን አልጋ እያየች ነው የምትኖረው። እኔ ነኝ የማውቀው።» በእርግጥም ያውቁታል። እናታቸው ስትሞት ገና ጥርስ የሚነቅሉ ልጅ ነበሩ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበሩ፣ ከዚያ ያስወጣቸውም ሰው አልነበረም። ይህን በዓመት አንዴ ያነሱትና መልሰው ይከድኑታል። ሾፌሩ ልጃቸው የዳቦ ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ በጣቱ እየለቀመ ወደ አፉ ይሰዳል። ጭነት መኪና በቀጭን መንገድ ሲነዳ የሚያክለው የለም ይባላል፤ ቤቱ ውስጥ ግን የሚያውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አልሸሹም ዞር አሉ የሚባለው ነው። «አልጋዋን አስመጥቻለሁ» አሉ እናቱ። «ከኔ አልጋ ጎን ነው። ከሥሩ መሳቢያ አለው፣ ልብሷን የምትከትበት።» እሱም፣ «እስቲ ውጤቱ ይምጣ» አለ።

ቡናማ የሚለውን ቃል እዚህ ቤት ያስገባችው ራሷ ታናሿ ናት፣ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው። እህቷ የጡቷን ዕጢ በኦፕራሲዮን ካስወጣች በኋላ በአንድ እሑድ ምሳ ላይ ቤተሰቡ፣ ከዚያ ከወጣው ሥጋ ላይ ደግሞ ምኑን ነው የምትመረምሩት ብለው ጠየቋት። የሷ ሥራ የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ነውና በደስታ ነገረቻቸው፤ ሰው ስለ ሥራዋ ጠይቋት ስለማያውቅ ትንሽም ኮራ ብላ ነበር። ሥጋው በሰም ውስጥ እንደሚደርቅ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ በሳሳ ሁኔታ እንደሚቆረጥ፣ መስታወት ላይ ተለጥፎ ቀለም እንደሚሰጠው አስረዳች። አንድ ፕሮቲን አለ፤ ዕጢው ውስጥ በብዛት ካለ ሥጋው ቡናማ ይሆናል፣ እንዲህ ያለው ወደ ሌላው ሰውነት ይሄዳል፤ ጥቂት ከሆነ ግን ባለበት ይቀራል፣ ሰውየውም ይኖራል አለች። የላቦራቶሪው ዶክተር ሁልጊዜ የሚሉትን፣ ይህ ከመቶ ሰው ስንቱ የሚል ግምት ነው እንጂ ለአንድ ሰው የተቆረጠ ፍርድ አይደለም የሚለውን፣ ሰላጣው ሲዞር ረሳችው። ወይም አልረሳችውም፤ ቀላል አድርጎ መናገሩ ጣፈጣት። ካፍ ከወጣ አፋፍ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ቤት ሰው የሚድነውም የሚሞተውም በቡናማ ሆነ።

እህቷ ሳሎኑ ውስጥ ነበረች። ሳሎን ይባል እንጂ የስፌት ቤት ነው፤ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ትሰፋለች። ግራ ቀኙ የተቆረጠ ሰማያዊ ጨርቅ ተቆልሏል፣ ወንበሮቹ ላይ እጅጌ የሌላቸው ትንንሽ ኮቶች ተንጋለዋል፣ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ አንድ ክፍል ተማሪ ማንሳት አለበት እያለች ትቀልድ ነበር ድሮ። አሁን ልጇን ሚጣን ጉልበቶቿ መሃል አስቀምጣ ፀጉሯን ታበጥራለች። ግራ እጇ ከትከሻ በላይ አልወጣ ስላላት ማበጠሪያውን በቀኟ ይዛ፣ የልጅቷን ራስ በአገጯ ደገፍ እያደረገች ነው የምትሠራው። ሚጣ ደግሞ ይህን እንደ አዲስ ጨዋታ ወስዳዋለች፤ አገጩ በነካት ቁጥር ትስቃለች። ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ቤቱ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም፣ ከሚጣ በቀር፤ ስለዚህም ማንም አላነሳውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ኩሽና ውስጥ የተመከረው ግድግዳ ተሻግሮ እዚህ አልደረሰም። እህቷ ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ «ስትመለሺ ሰማያዊ ክር ያዥልኝ። እዚህ ማዶ ያለው ሱቅ ዋጋ ጨምሯል፣ ታች ካለችው ሴትዮ ይሻላል።» ታናሿም «እሺ እትዬ» ብላ ጫማዋን አሰረች። ደረጃው ላይ አማትየዋ ተከትለው ወጡ። በሩን ገርበብ አድርገው ክንዷን ያዙና፣ «እንግዲህ እኛ እዚያ ያለችን አንቺ ነሽ» አሏት። «ሰው ያለው ሰው ፋይሉ አይጠፋም። አንዳንድ ነገር ማስተካከል ከተቻለ እንግዲህ…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። በዚህ ቤተሰብ እምነት የመንግሥት ቤት የሚገኘው፣ መንጃ ፈቃድ የሚታደሰው፣ ልጅ ጥሩ ትምህርት ቤት የሚገባው ውስጥ ሰው ሲኖር ነው፤ ታዲያ በሽታን ከዚህ ምን ይለየዋል?

አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ሄደች። ታሪፍ ጨምሯል አልጨመረም በሚል አንድ ወፍራም ሰውዬ ከገንዘብ ተቀባዩ ጋር እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ተጨቃጨቀ፤ ተሳፋሪው ግማሹ ከሱ ጋር ግማሹ ከዚያኛው ጋር ሆኖ ደህና ጨዋታ ፈጠረበት። እሷ ግን የምታየው ከሥሩ መሳቢያ ያለውን አልጋ ነበር። ሚጣ እንደምትወደው ታውቃለች፤ መሳቢያ ነገር ሞቷ ነው። ከዚያም እህቷን ከነዚያ እጅጌ ከሌላቸው ኮቶች መሃል ብቻዋን ተቀምጣ አየቻት። ሰው ሳይሞት ልጁን መውሰድ፣ አለች በሆዷ፣ በቁሙ መቅበር ማለት እኮ ነው። እህቷ ልጇን ከተነጠቀች መድኃኒቱን ለመዋጥ እንኳ ከአልጋዋ እንደማትነሳ ያለጥርጥር ታውቀዋለች። እናታቸው ካለፈች ወዲህ ያሳደገቻት ይህቺው እህቷ ናት፤ ጠባይዋን ከመዳፏ መስመር ይልቅ ታውቀዋለች።

ላቦራቶሪው ከሆስፒታሉ ምድር በታች ነው። ረጅም ኮሪደር፣ ግማሹ የሚበራ ግማሹ የሚርገበገብ መብራት፣ ከግድግዳው ሥር አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ቀለሙ የሚሠራው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ፈሳሹ ውድ ስለሆነ የሁሉም ናሙና ተጠራቅሞ ባንድ ላይ ይወርዳል። በዚያ ቀን አግዳሚው ከጠዋት ጀምሮ ይሞላል። ውጤቱ በሐኪማቸው በኩል እንደሚሄድ ስንት ጊዜ ቢነገራቸውም እዚሁ መጥተው ይቀመጣሉ፤ ቀረብ ካሉ ደህና የሚወጣላቸው ይመስላቸዋል። ዛሬ በሩ አጠገብ የነበሩት አንድ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የሚስታቸውን ውጤት ነው የሚጠብቁት። ከሩቅ መጥተው የእህታቸው ልጅ ቤት ወለል ላይ ማደራቸውን፣ ሚስታቸው ግን ቤት ዶሮዎቹን ማን ይጠብቃል ብላ መቅረቷን አጫወቷት። «ሠላሳ ምናምን ዓመት ስንጣላ ኖርን» አሉ፣ «አሁን ሳትጨርስ ልትሄድብኝ ነው።» ብለው ሳቁ። «ዛሬ ይደርሳል አይደል ልጄ?» ይደርሳል አለቻቸው። እውነቷን ነበር፤ በዚያ ሰዓት ምንም አላሰበችም።

የዘመድ ናሙና የዘመድ እጅ አይነካውም የሚል ደንብ አለ። ግን የሥራ ባልደረባዋ ወልዳ ተኝታለች፣ ያለችው እሷ ብቻ ናት፣ ናሙናውም ስም የለውም፣ ቁጥር ነው። ኃላፊው፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው፣ ጡረታቸው የቀረበ ሰው፣ ነገሩን ስትነግራቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አሰብ አደረጉና፣ «ቁጥር ቁጥር ነው ልጄ። አንቺ ቀለሙን ስጪው፣ የሚያየው ዶክተሩ ነው» አሏት። እምነታቸው እንደዚህ ነበር። እሷም ስላይዶቹን፣ ሥጋው የተለጠፈባቸውን ቀጭን መስታወቶች፣ ደረደረች። የእህቷ ከመሃል ነበር፤ ከሌላው የሚለየው ነገር የለም፣ ጥፍር የምታክል ነጣ ያለች ጭረት ናት መስታወት ላይ። በመጨረሻው ጥግ እነሱ ምስክር የሚሉት ተቀመጠ። ምስክር ማለት ከብዙ ዓመት በፊት የሞተ ሰው ዕጢ ነው፤ ፕሮቲኑ እንዳለው አስቀድሞ ይታወቃል፣ ስለዚህ በየሳምንቱ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ቀለም ይሰጠዋል። እሱ ቡናማ ከሆነ ሥራው በትክክል ተሠርቷል ማለት ነው፣ የሌሎቹም ይታመናል። ምስክሩ ነጭ ከወጣ ግን በዚያ ቀን የተሠራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ አንድም ስላይድ አይነበብም፣ ሁሉም ለሚቀጥለው ሳምንት ይደገማል።

ስላይዶቹ ቀለም ከመቀበላቸው በፊት ድስት ውስጥ ይቀቀላሉ። ሥጋው በመድኃኒት ብዛት ተቋጥሮ ስለሚቆይ፣ ካልተቀቀለ አይፈታም፤ ካልተፈታ ደግሞ ፈሳሹ ፕሮቲኑን ቢፈልገው አያገኘውም። ድስቱ አሮጌ ነው፣ እጀታው በፕላስተር ታስሯል፣ እንፋሎቱ ሲወጣ ያፏጫል። ከድስቱ ፊት ቆማ ፉጨቱን ስትጠብቅ ነው ሐሳቡ የመጣባት፤ መጣባት ማለቱ ይሻላል፣ ፈልጋ አላገኘችውምና። እሳቱን አሁን ብታጠፋው ማንም አያውቅም። ሁሉም ነጭ ይወጣል። ምስክሩም ነጭ ይወጣል። ሥጋው በሰሙ ውስጥ እንዳለ ነው፣ አይጠፋም፣ በሳምንቱ እንደገና ይቆረጣል፤ ማንም ሰው በሳምንት አይሞትም። ሳምንት ደግሞ ብዙ ነገር ነው። ሾፌሩን ለብቻው ይዛ ታናግረዋለች። ለእህቷ ቀስ ብላ ትነግራታለች። ወይም ምንም አታደርግም፣ ብቻ ሚጣ ሰባት ሌሊት እናቷ ጎን ትተኛለች። ውጤቱን መቀየር አልፈለገችም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአማትየዋ ጭንቅላት እንጂ ከሷ አይወጣም ብላ ራሷን አጸደቀች። ማዘግየት መዋሸት አይደለም አለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እጇ ሄዶ እሳቱን አጠፋው፤ ፉጨቱ ገና ሊጀምር ሲል እንደ ሰው ተንፍሶ ጸጥ አለ።

የቀረውን እንደ ወትሮዋ ሠራችው። ፈሳሹን ጠብታ በጠብታ እያደረገች፣ ሰዓት እየጠበቀች፣ እያጠበች፣ እንደገና እየጠበቀች። እጇ አንዴም አልተንቀጠቀጠም፤ ኋላ ስታስበው ያሳፈራት ይሄ ነው። ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብለው መጀመሪያ ምስክሩን አዩ። ቀና አሉ። እንደገና አዩ። «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ዝም ብሏል» አሉ። ጋሼ መጥተው አዩት። ከዚያም ወደ ድስቱ ሄደው ክዳኑን አገላብጠው፣ ላስቲኩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱትና፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ይሄ ላስቲክ ይለወጥ ብዬ ማመልከት ነበረብኝ። እንፋሎት ያስወጣል።» ዶክተሩም ጋሼን ላለማስቀየም፣ «ያጋጥማል» ብለው ስላይዶቹን ሳይነኳቸው ወደ ጎን ገፏቸው። የእህቷንም ከሌሎቹ ጋር፣ ዓይናቸውን ሳያሳርፉበት። ታናሿን ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ጋሼ እንዲያውም፣ «ምሳ አልበላሽም መሰለኝ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም» አሏት። ያን ጊዜ ብትናገር ኖሮ ይቅር ይሏት እንደነበር ታውቃለች፣ ያን ጊዜውኑም አውቃው ነበር፤ ግን ከሐፍረቱ ሥር አንድ የሚጣፍጥ ነገር ነበር፣ ሰባት ሌሊት የሚባል፤ ዝም አለች።

ኮሪደሩ ላይ ያሉትን አሰናብቺ ያሏት እሷን ነው። ቀለሙ እንዳልያዘ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት እንደሚደገም ተናገረች። አንዲት ወጣት ሴት ቦርሳዋን በጥፊ መትታ ወጣች። አንዱ፣ ድሮም የመንግሥት ዕቃ ብሎ ስድቡን ለጣሪያው ተናገረ። ሽማግሌው ግን አልተነሱም። ኮፍያቸውን አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እያዞሩ ቆዩና፣ «ታዲያ ለሷ ምን ልበላት?» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ መልስ የሚጠብቅ። «ዕቃ ተበላሽቶ ነው ይበሏት አባባ» አለች። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ኮፍያቸውን አጠለቁ፣ ሁለት ጊዜ ዞረው እያዩዋት በዚያ በሚርገበገበው መብራት ሥር ሄዱ። ለእህቷ ሳምንት የከፈለችው በሽማግሌው እንደሆነ ገባት። ይህንን ሆድ ይፍጀው ብላ ጋዋኗን አወለቀች።

ታች ካለችው ሴትዮ ሰማያዊውን ክር ገዛች፤ እሷም ጨምራለች። ቲማቲም ልትገዛ ፈልጋ ዋጋውን ስትሰማ ተወችው። ቤት ስትደርስ ሁሉም ሳሎን ነበሩ፣ ይህ ደግሞ በዚህ ሰዓት ሆኖ አያውቅም። ኮቶቹ ከወንበር ላይ ተነስተው ጥግ ተቆልለዋል። ሾፌሩ ጉዞውን ለሌላ አስረክቦ ቀርቷል። አማትየዋ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ የመሄጃ ልብሳቸውን ለብሰው። እህቷ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ፣ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ። ሚጣ ከመኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ትለቅማለች። ማንም ምን ሆነ አላለም። ታናሿ ክሩን ከእህቷ ፊት አስቀምጣ፣ አውቶቡስ ውስጥ ስትለማመደው የመጣችውን ተናገረች፦ «ዛሬ አልተነበበም። ድስቱ ተበላሽቶ ቀለሙ አልያዘም። የሁሉም ነው፣ የአንቺ ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት ይደገማል።»

ሾፌሩ ዓይኑን ወደ መስኮቱ ላከ፤ አንድ ሰው እንዳያናግረው ሲፈልግ እንዲህ ነው። አማትየዋ ግን ከመቀመጫቸው ተነሱና፣ ታናሿ ፈጽሞ ያልጠበቀችውን አደረጉ፤ መጥተው ራሷን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «አይዞሽ ልጄ» አሏት። «ደክሞሻል። ከባድ ነገር ነው የተሸከምሽው።» ታናሿ መጀመሪያ አልገባትም። «እማማ፣ እውነቴን እኮ ነው፣ ድስቱ ነው» አለች። «አዎን፣ ድስቱ ነው» አሉ እያሻሿት። «እኔም ስንቱን መርዶ አርድቻለሁ። መጀመሪያ ትንሽ አሞታል ይባላል። ቀጥሎ ሐኪሙ ነገ ይምጡ አለ ይባላል። እንዲህ ነው የሚደረገው፣ ደግ አደረግሽ። ሰው በአንዴ አይነገረውም።» ታናሿ ከእቅፋቸው ወጥታ እህቷን አየቻት። እህቷ ክሩን አንስታ ጫፉን እየፈለገች ነበር። ሾፌሩን አየችው፤ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ይጠርጋል። ያን ጊዜ ነው ያደረገችው ነገር የበራላት። በዚህ ቤት፣ ምናልባትም በከተማው ቤት ሁሉ፣ ጥሩ ወሬ ዘግይቶ አያውቅም። ጥሩ ወሬ ደረጃውን እየሮጠ ይወጣል። ቆይ የሚባለው፣ ይደገም የሚባለው፣ ዕቃ ተበላሸ የሚባለው ሌላው ወሬ ነው። በማለች ቁጥር እየባሰ ሄደ። ጋሼን ትጥራ፣ ላስቲኩን ትጥራ፣ ሽማግሌውን ትጥራ፣ ሁሉም እንደ ደግ ውሸት እየተቆጠረላት ሄደ፤ አማትየዋም በየመሃሉ «አዎን፣ አዎን» ይሏታል።

እህቷ በዓይኗ ወደ መኝታ ቤት ጠራቻት። በሩን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ የሚጣ ቁመት በእርሳስ የተለካበት መስመር አለ፤ ከሥሩ የሷ ትንሽ ጫማ። «በይ እስቲ ለኔ ንገሪኝ» አለቻት። ታናሿም ሌላ መውጫ ስላጣች እውነቱን ነገረቻት። «እትዬ፣ ድስቱ አልተበላሸም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ጠዋት ኩሽና ሲያወሩ ሰምቼ ነው። ዛሬ ክፉ ከወጣ ሚጣን ማታውኑ ሊወስዷት ነው። ሳምንት ላገኝልሽ ብዬ እሳቱን አጠፋሁት።»

እህቷ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ የተገረመችው በልጅቷ ጉዳይ ነው። «ሊወስዷት ነው?» አለች። አልጋ ማስመጣታቸውን ሰማች፣ ከሥሩ መሳቢያ ያለው መሆኑንም። የታመመ ክንዷን በደህናው እጇ ይዛ ቀስ እያደረገች ታሸዋለች። ከዚያም ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «ጥሩ ቢሆን ኖሮ ታበላሺው ነበር?» አለቻት።

«አላየሁትም እትዬ። ቀለሙ ሳይገባ ነው ያበላሸሁት። ዶክተሩም አላየውም። ማንም አላየውም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«አንቺ ስንት ዓመት ሠራሽበት» አለች እህቷ። «እኔ ጨርቅ ሳልቆርጠው ዳስሼ አውቀዋለሁ። አንቺ የኔን ሥጋ አይተሽ አታውቂም?»

«እንደሱ አይታወቅም። ነጭ ነው፣ ሁሉም አንድ ነው።» ድምፅዋ ከፍ ሲል ከሳሎን የሰሟት መሰላትና ዝቅ አደረገችው። «ነገ ጠዋት ጋሼን እለምናለሁ። ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፣ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ። ያንቺን ለብቻው ያሠሩኛል። ነገ ማታ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

እህቷ ፈገግ አለች፤ እጅጌ ገልብጦ ለሰፋ ጀማሪ ፈገግ የምትለውን ዓይነት። «ብታመጪውም ጥሩ ነው ብለሽ ነው የምታመጪው» አለች። «ከእንግዲህ እንዴት አምንሻለሁ?» ይህን ስትል ቂም አልነበራትም። ታናሿ አልጋው ላይ ተደፍታ ብትጮህ በወደደች፤ ግን ያም ለቅሶ ሆኖ ይቆጠራል፣ ግድግዳ ተሻግሮ ሳሎን ይደርሳል። ቆማ ቀረች። እህቷ ተነስታ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና የሚጣን ልብሶች አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። እያንዳንዱን ራሷ ነው የሰፋችው። ቁልፎቹን እያየች፣ የላላውን ለብቻ አኖረች፤ ተቀምጣ ሰፋችው፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «እሳቸው እናታቸው ስትሞት አይተዋል» አለች። «እውነታቸውን ነው። እኔን አይታ እንድታድግ አልፈልግም። ሌላ ሰው ከሚነጥቀኝ እኔው ልስጣት።» ታናሿ እህቷ ይህን ውሳኔ ለሳምንታት ሆዷ ውስጥ ይዛ ስትጠብቅ እንደቆየች፣ የጎደላት አንድ ቡናማ የሚላት ሰው ብቻ እንደነበር ተረዳች። እነሆ አገኘች።

ሳሎን ውስጥ ሚጣ ዜናውን እንደ ሽርሽር ተቀበለችው። መሳቢያው ስንት እንደሆነ ጠየቀች። ሦስት ነው ሲሏት እናቷን ዞር ብላ፣ «አንዱን ላንቺ አደርግልሻለሁ» አለቻት። እናቷ ቀኝ እጇን አንገቷ ላይ ጥላ፣ ፀጉሯን በአገጯ ነካ አደረገቻት፤ ልጅቷ ሳቀች። ሾፌሩ የልብሷን ቦርሳ ይዞ ቀድሞ ወረደ። አማትየዋ በሩ ላይ ቆም አሉና፣ «በየቀኑ አመጣታለሁ» አሉ ለምራታቸው፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፤ ውሸታቸውን አልነበረም፣ ያኔ ያሰቡት እንደሱ ነው። የሚጣ ድምፅ ከደረጃው ሥር ድረስ ይሰማ ነበር፤ የሆነ ነገር እየቆጠረች ነው የምትወርደው። ከዚያ የታችኛው በር ተዘጋ።

እህቷ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመልሳ ተቀመጠች። አዲሱን ክር በመርፌው ልታስገባ ሞክራ ዓይኗ እምቢ አላት፤ ታናሿ ተቀብላ አስገባችላት። ጎን ለጎን ሆኑ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ መዝጊያውን ሲስብ ተሰማ። «ባትኖሪ ኖሮ» አለች እህቷ ወደ ጨርቁ እያየች፣ «አንድ የማላውቀው ዶክተር ነበር ወረቀት እያየ የሚነግረኝ። ካንቺ አፍ በመስማቴ ደስ ብሎኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ታናሿ ምንም አልነገርኩሽም ልትል አፏን ከፈተች። ግን ይህንንም ለደግነቷ እንደምትቆጥርላት ስለገባት፣ ከተቆለለው አንድ ኮት አነሳችና እጅጌውን መግጠም ጀመረች።